የቴሌቪዥን ኔትወርክ ኃላፊ ለመሆን ከየት ልጀምር?

የኔትወርክ ኃላፊ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሰፊ ቢሮና ከታዋቂ ሰዎች ጋር ፎቶ መነሳት ነው። ሥራው ሲገለጥ ግን ምርጫ ነው። ከሚጎርፈው ሐሳብ የትኛው ይሠራ፣ በስንት ገንዘብ፣ በየትኛው ሰዓት ይታይ? አብዛኛው መልስ «አይሆንም» ነው። ስለዚህ መንገዱ ከሞላ ጎደል «አይሆንም»ን ከነምክንያቱ መናገር መማር ነው።

መጀመሪያ ወደ ሙያው ግቡ። በየትኛው በር የሚለው ብዙ አያስጨንቃችሁ። ቦብ አይገር እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካው የቴሌቪዥን ኔትወርክ ኤቢሲ ሲቀጠር ስቱዲዮ ውስጥ ዝቅተኛ ሥራ ነበር የያዘው፤ በ1989 የዚያው ጣቢያ የመዝናኛ ክፍል ፕሬዝዳንት፣ በ2005 ደግሞ የዲዝኒ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ። ሌላው የአሜሪካ ኔትወርክ ኤንቢሲም ከ1933 ጀምሮ «ፔጅ» የሚላቸው ጀማሪዎች አሉት። እንግዳ ይቀበላሉ፣ ስቱዲዮ ያስጎበኛሉ፣ በዚያው ሥራውን ይለምዳሉ። ዲግሪው የጋዜጠኝነት ይሁን የሕግ ያን ያህል ለውጥ የለውም። ይልቅ አንድ ጣቢያ ምረጡና ይህን ፕሮግራም በዚህ ሰዓት ለምን አደረገው ብላችሁ አጥኑ። ፍሬድ ሲልቨርማን የማስተርስ ጽሑፉን የሠራው በኤቢሲ ፕሮግራሞች ላይ ነበር፤ በኋላ ሦስቱ የአሜሪካ ኔትወርኮች፣ ሲቢኤስም ኤቢሲም ኤንቢሲም፣ ምን እንደሚያሳዩ በየተራ ወሳኙ እሱ ሆነ።

ቀጥሎ ረዳትነት ነው። ስልክ ማንሳት፣ ቀጠሮ መያዝ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ግን ብዙ ረዳቶች አለቃቸው በስልክ ሲያወራ መስመሩ ላይ ሆነው ማስታወሻ ይይዛሉ፤ ፕሮዲዩሰር በዋጋ ሲከራከር፣ ደራሲ ሲያኮርፍ፣ አለቃ ሰው ሳያስቀይም እምቢ ሲል የሚሰማው እዚያ ነው። የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ይህን አያስተምርም። የሰማችሁትን ግን ውጭ እንዳታወሩ።

አሁን ወደ ዋናው፦ ስክሪፕት አንብቦ አስተያየት መጻፍ። ማንም ሳያዛችሁ ጀምሩት። አንድ ሁለት ገጽ ይበቃል፤ ታሪኩ ባጭሩ፣ ጥንካሬው፣ ድክመቱ፣ መጨረሻ ላይ ይለፍ ወይስ ይቅር። «አልሳበኝም» እጅ እግር የሌለው አስተያየት ነው። ለምሳሌ አንዲት ሐኪም የአባቷን ገዳይ ስታፈላልግ ቆይታ በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ገጽ ላይ አገኘችው እንበል። አጻጻፉ ቆንጆ ነው። ግን በሚቀጥለው ሳምንት ምን እናያለን? ለፊልም የሚበቃ ታሪክ ለተከታታይ ድራማ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ጻፉ፦ «ገዳዩ ቶሎ ስለተገኘ ታሪኩ ነዳጅ ጨርሷል፤ ፍለጋው ቢረዝምና ክሊኒኩ በየሳምንቱ አዲስ ጉዳይ ቢያመጣስ?» አለቃ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው፤ ደራሲውም ቢናደድ እንኳ ይዞት የሚሄደው ነገር ያገኛል።

ቁጥርም አትሽሹ። ታሪክ ወዳዶች እዚህ ላይ ነው የሚቀሩት። መቶ ቴሌቪዥን ያላቸው ቤቶች አሉ እንበል፤ አርባዎቹ ከፍተዋል፣ ከነሱ አስሩ የናንተን ጣቢያ ያያሉ። ሬቲንጋችሁ (ከሁሉም ቤቶች ሲሰላ) 10 ነው፣ ድርሻችሁ (ሼር የሚሉት፣ ከከፈቱት ብቻ ሲሰላ) ደግሞ 25 በመቶ። ሌሊት ላይ ሬቲንጉ ትንሽ ሆኖ ድርሻው ትልቅ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ጥሩ ፕሮግራም ይሰርዛል። ከማስታወቂያ ሽያጭ ክፍል ሰዎች ጋርም ተወዳጁ። ደመወዝ የሚመጣው ከነሱ ነው፣ የትኛው ተመልካች በስንት እንደሚሸጥም ጠንቅቀው ያውቃሉ።

የማዕረጉ ቅደም ተከተል ከረዳት ወደ አስተባባሪ፣ ማናጀር፣ ዳይሬክተር፣ ምክትል ፕሬዝዳንት ይሄዳል፤ ስሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንድ ቤት ቁጭ ብሎ እድገት መጠበቅ ዓመታት ሊፈጅ ስለሚችል ብዙዎች ድርጅት ቀይረው ነው የሚዘሉት። ቻኒንግ ደንጂ በ2016 የኤቢሲ መዝናኛ ፕሬዝዳንት ከመሆኗ በፊት ፊልም ላይ ሠርታለች።

ከላይ ስትደርሱ ወንበሩ ይሞቃል። ሬቲንግ ሲወርድ መጀመሪያ የሚነሳው ኃላፊው ነው፤ ከተነሱት ብዙዎቹ ፕሮዲዩሰር ሆነው ትናንት «አይሆንም» ያሏቸውን ሰዎች ሥራ ይጠይቃሉ። እና ውል ሲቀርብላችሁ ጠበቃ ያዙ፤ ከደመወዙ በፊትም ከሥራ ብትነሱ ምን ይከፈላችኋል የሚለውን አንቀጽ አንብቡ።