መጀመሪያ መቀርቀሪያ፣ ከዚያ ምክር

በጦርነት የተፈናቀሉ ሰዎች ባረፉበት ቦታ ብዙ ጊዜ ሁለት ቡድን አለ። አንዱ ሸራና ምሰሶ ይቆጥራል። ሌላው ሰው ሰብስቦ ስለ ጭንቀት ያስተምራል። ሁለቱ አይነጋገሩም። እናትየዋ ግን ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗ የማይከደነው በሯ ስለማይዘጋ ነው፤ ለእሷ ከትምህርቱ በፊት መቀርቀሪያ ይቅደምላት።

ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ ግቡ። ስፊር የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ እርዳታ መመዘኛ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር መኖሪያ ይላል፣ ማብሰያውን ሳይጨምር። ለአምስት ሰው ቤተሰብ 17.5 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ብርድ በሚበዛበትና ሰው ቀኑን ሙሉ ውስጥ በሚውልበት ቦታ ከ4.5 እስከ 5.5 ይደርሳል። የተጨናነቀ አዳራሽ ውስጥ ይሄን ላታገኙ ትችላላችሁ፤ ቢሆንም ለክታችሁ ጻፉት፣ ተጨማሪ ቦታ ስትጠይቁ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ እሱ ነው።

አዳራሽ ከሆነ በየቤተሰቡ መሀል ገመድ ወጥራችሁ መጋረጃ ስቀሉ። ቆሞ ከሚሄድ ሰው ቁመት ይብለጥ፣ ታችም ወለሉን ይንካ። ጨርቁ ስስ ከሆነ ደግሞ ማታ ውስጥ መብራት ሲበራ ልብስ የምትቀይረው ሴት ጥላዋ በሙሉ ውጭ ይታያል። ይሄን ቀን ላይ አታዩትም። ሲመሽ መብራት አስገቡና ራሳችሁ ውጭ ቆማችሁ እዩት።

ድንኳን ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሜትር አራርቁ፣ እሳት ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይዘል። ዙሪያውን የውሃ መሄጃ ቦይ ቆፍሩ፤ ዝናብ ሳይመጣ እንጂ ከመጣ በኋላማ ምን ዋጋ አለው። ሽንት ቤት ቢያንስ ለ20 ሰው አንድ፣ ከመኖሪያው ከ50 ሜትር ሳይርቅ፣ ከውስጥ የሚዘጋ። መብራቱን የት እንደምትተክሉ ሴቶቹን ጠይቁ፣ ወንዶች በሌሉበት። ሽንት ቤቱ ቦግ ብሎ መንገዱ ጨለማ ከሆነ ማንም አይሄድም።

ቦታ ስትደለድሉ የአንድ መንደር ሰዎችን አትበትኑ። ልጅ ለአፍታ «ያዙልኝ» የሚባለው ለሚያውቁት ጎረቤት ነው፣ ይሄ በየትኛውም ስልጠና አይተካም። ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ እናትንም ጫፍ ላይ አታስቀምጧት።

አሁን ወደ ምክሩ። የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ሦስት ነገር ነው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። «የደረሰባችሁን ንገሩኝ» ብላችሁ ሰው አታስጨንቁ። ያየውን በግድ ማስተረክ አያሽርም፣ ሊጎዳም ይችላል። «እማማ፣ ለዛሬ ማታ ምን ጎደለዎት?» ብትሉ ይሻላል፤ ማውራት ከፈለጉ ራሳቸው ይጀምራሉ፣ ያኔ እናንተ ዝም በሉ። «ሁሉም ያልፋል» ማለትም ይቅርባችሁ፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ጆሮ ላይ ይከብዳል። ከምንም በላይ ደግሞ የጠፋ ዘመድ የሚፈለግበትን መንገድ አሳዩ።

ብዙው ሰው ሐኪም አያስፈልገውም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው ጦርነት በነካቸው አካባቢዎች ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ቀላል ቁጥር አይደለም፣ ግን የቀሩትን በሽተኛ አናድርጋቸው። ራሱን ስለማጥፋት የሚያወራ፣ መብላትና መታጠብ የተወ፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ ሰው ካለ ለነገ አትበሉ፣ ወደ ጤና ባለሙያ አድርሱት። ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ ጥያቄ አለ፦ ሲሸሹ መድኃኒት ያቋረጡ ሰዎች። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ራሱን የቻለ አደጋ ነው፣ በምዝገባው ቀን ጠይቁ።

ልጆች መኝታ ላይ መሽናት ይጀምራሉ፣ ከእናታቸው ቀሚስ አይላቀቁም። አትቆጧቸው፣ በሰው ፊትም አታውሩት። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚጀምር ጨዋታ አዘጋጁ፤ ሰዓቱ አይዛነፍ እንጂ ኳሷ የጨርቅ ብትሆንም ግድ የለም። እናቶቹ ደግሞ በዚያች ሰዓት ትንሽ አረፍ ይላሉ።

ከሳምንት በኋላ ተመለሱ። ገመዱ ላልቶ ይሆናል፣ ወጥሩት። መቀርቀሪያውን ከውስጥ ዘግታችሁ ሞክሩት። ከዚያ እናትየዋን እንቅልፍ እንዴት እንደሆነላት ጠይቋት።