ቂም፣ ጠበልና ክኒን፦ ሕመም ሲመጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

አክስቴ ኩላሊቷን ታማ የተኛች ጊዜ አንድ ጥያቄ ከሦስት ጠያቂዎች ሰማሁ። «ማንን አስቀይመሽ ይሆን?» ክፋት የለባቸውም። ብርቱካንና ሙዝ ይዘው ነው የመጡት። (ፖታሲየም ስላለበት ለኩላሊት ታማሚ እንደልብ አይፈቀድም። እሱ ሌላ ስህተት ነው።) እሷ ግን ሌሊቱን ዕድሜዋን ወደ ኋላ ስትቆጥር አደረች። ከስንት ዓመት በፊት የተኳረፈቻት ጎረቤቷ ሳትቀር ትዝ አለቻት።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው፤ የሰውን ሕመም አይቶ በደሉን መፈለግ። ደቀ መዛሙርቱም ተሳስተውበታል። ዮሐንስ 9 ላይ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ኃጢአት የሠራው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ?» አሉ። ጌታ «እሱም ወላጆቹም አይደሉም» አላቸው። በሌላ በኩል 38 ዓመት አልጋ ላይ የቆየውን መጻጉዕ ካዳነው በኋላ «የባሰ እንዳይደርስብህ ደግመህ አትበድል» ብሎታል። ስለዚህ ኃጢአትና ሕመም ጨርሶ አይገናኙም ማለትም አይቻልም። ግን ያንን የተናገረው የሰውየውን ልብ የሚያውቅ ነው። እኛ አልጋው አጠገብ ወንበር ስበን የተቀመጥነው ምን እናውቃለን?

ይቅርታን የፈውስ ክፍያ ማድረግም አለ። «ታረቂ፣ ትድኛለሽ» ይባላል። ታርቃ ካልዳነችስ? «ከልብሽ አይደለም» ይባልና ሁለተኛ በሽታ ይጨመርላታል። ማርቆስ 2ን እስቲ ቀስ ብለን እናንብበው። አራት ሰዎች ጣሪያ ነድለው ሽባውን አወረዱት። ጌታ መጀመሪያ «ኃጢአትህ ተሰረየችልህ» አለው። «ተነሣ» ያለው ከጻፎች ጋር ከተነጋገረ በኋላ ነው። እስከዚያ ሰውየው ይቅር ተብሎለታል፤ እግሩ ግን ገና አልተንቀሳቀሰም። ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲወጣለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልወጣለትም። የጉዞ ባልደረባውን ጥሮፊሞስንም ታሞ በሚሊጢን ከተማ ትቶት ሄዷል። ቂም ይዘው ነበር የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ይህን ስል ቂም ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉት አባቶች ያውቁበታል። ያዕቆብም በምዕራፍ 5 ዘይት ቀብተው ለታመመው ይጸልዩ ካለ በኋላ እርስ በርስ መናዘዝን አከለበት። የቀንዲል ምሥጢርም ከዚያ ነው የመጣው። ስህተቱ ታማሚን በሽማግሌ አጣድፎ ማስታረቅ ላይ ነው። ባሏ ሲደበድባት የኖረች ሴት «ይቅር ለእግዜር» ብላ ቂሟን ልትተው ትችላለች። ወደዚያ ቤት ትመለስ ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

እኔን በጣም የሚያሰጋኝ መድኃኒት ማቋረጥ ነው። «ጠበል ከጀመርክ ክኒኑን ተወው፣ እምነትህን ያጎድላል» የሚል ምክር ስንቱን እንደጎዳ! የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን ሲተው ቀናት ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ ይላመደውና ያው ክኒን መሥራት ሊያቆም ይችላል። ዲያሊስስ (ኩላሊት ሲደክም ደምን በማሽን ማጣራት) ላይ ያለ ሰው ደግሞ ውሃ በልክ ነው የሚጠጣው፤ ጠበልም ቢሆን ብዙ ከጠጣ ሳንባው ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉንም የኤች አይ ቪ መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በግልጽ ተናግረዋል። አዲስ ትምህርት አልነበረም። ሲራክ 38 ሐኪምን አክብር ይላል። ኢሳይያስም ለንጉሡ ለሕዝቅያስ እንደሚድን ከእግዚአብሔር ነግሮት፣ እባጩ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲለጠፍለት አዘዘ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሳይመረመሩ መድረክ ላይ ወጥቶ «ድኛለሁ» ማለት። ጌታ አሥሩን ለምጻሞች «ሂዱ፣ ራሳችሁን ለካህን አሳዩ» አላቸው። በኦሪት ሕግ ለምጹ መንጻቱን የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበር። ዛሬ ላቦራቶሪ አለ። ውጤቱን ይዞ መመስከር ምን ችግር አለው?

አክስቴ ያቺን ጎረቤቷን ስልኳን አፈላልጋ ደወለችላት። ተላቀሱ። ዲያሊስሱ አልቀረም፤ ማክሰኞና ዓርብ ትሄዳለች። አንዳንድ ቀን የምታደርሳት ጎረቤቷ ናት።