ዛፉን ከመቁረጣችሁ በፊት፦ ሀዋሳ ላይ ዲሽ አልይዝ ሲል

ሀዋሳ ውስጥ ዛፍ የሌለው ግቢ ማግኘት ይከብዳል። አቮካዶ አለ፣ ማንጎ አለ፣ አጥሩን ተከትሎ ግራቪሊያ ተደርድሯል። ታዲያ ቴሌቪዥኑ ላይ «ኖ ሲግናል» በወጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዛፉ ነው። የዲሽ ሰራተኛ ይጠራል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ «ይሄ ቅርንጫፍ ይነሳ» ይላል። ዓመታት ሙሉ ፍሬ የሰጠ አቮካዶ በአንድ ከሰዓት ይወርዳል፣ ምስሉ ግን አሁንም ይቆራረጣል። ይሄ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ዛፉ ጥፋት የለበትም፣ ቢኖርበትም እንኳ ዲሹን ጥቂት ሜትር ማንቀሳቀስ ይበቃል።

መጀመሪያ ሳተላይቱ ሰማይ ላይ የት እንዳለ እንወቅ። ይሄን ሳያውቁ ዛፍ መክሰስ አይቻልም።

ኢትዮሳት የሚተላለፈው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ካለው ሳተላይት ነው። ጀርባችሁን ለሐይቁ ሰጥታችሁ ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ አዙሩ፣ ከዚያ 20 ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ ዘወር በሉ። በስልክ ኮምፓስ 110 አካባቢ ይሆናል። ኮምፓሱን ስታዩ ከቆርቆሮና ከብረት በር ራቅ በሉ፣ ብረት ያሳስተዋል። አሁን ቀና በሉ። በደንብ ቀና። ሳተላይቱ ከአድማስ 67 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ አናታችሁ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ናይልሳት ግን 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ በተቃራኒው በሐይቁ በኩል ነው፣ ኮምፓስ ላይ 263 አካባቢ፣ ከፍታው ደግሞ 37 ዲግሪ ብቻ።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከዲሹ በላይ 10 ሜትር የሚወጣ ዛፍ ኢትዮሳትን እንዳይከልል ከ4 ሜትር ተኩል አለፍ ብሎ ቢቆም ይበቃል። ለናይልሳት ግን ያው ዛፍ ከ13 ሜትር በላይ መራቅ አለበት። ርቀቱን ከግንዱ ሳይሆን ወደ ዲሹ ከቀረበው ቅርንጫፍ ለኩ። ስለዚህ «ናይልሳት ጠፋ፣ ኢትዮሳት ግን ጥርት ብሎ ይሰራል» የምትሉ ሰዎች፣ በሐይቁ በኩል ያለውን ዛፍ ብትጠረጥሩ ትክክል ናችሁ። ኢትዮሳት ጠፍቶ ሩቅ ያለ የጎረቤት ባህር ዛፍ የምትወቅሱ ግን እስቲ ቆም በሉ።

አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ልጨምር። ቤታችን ያሉት ዲሾች አብዛኞቹ ኤልኤንቢያቸው (ሲግናሉን ተቀብሎ ወደ ገመዱ የሚያስተላልፈው ትንሹ ራስ) በስተታች በክንድ የተያዘ ነው። እንዲህ ያለ ዲሽ ፊቱ ወደሚያይበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ አይደለም ሲግናል የሚቀበለው፣ ከዚያ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ከፍ ብሎ ነው። ከኋላው ቆማችሁ ስታዩት ፊት ለፊት ማንጎው ላይ የተደቀነ ይመስላል፣ ሲግናሉ ግን ከማንጎው በላይ አልፎ ነው የሚመጣው። በዚህ የተነሳ ስንት ዛፍ ያለጥፋቱ እንደተቆረጠ እግዜር ይወቀው።

አሁን ወደ ምልክቶቹ።

ነፋስ ሲነሳ ብቻ ይቆራረጣል

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ቅርንጫፍ የሲግናሉን መንገድ ዳር ዳሩን እየነካ ነው፣ ወይ ዲሹ ራሱ ይነቃነቃል። ለመለየት ነፋስ የሌለበት ሰዓት ምረጡ። አንድ ሰው ሪሲቨሩ ላይ የሲግናል ጥራቱን ከፍቶ ይይ፣ ሌላው የዲሹን ጠርዝ በእጁ ቀስ አድርጎ ገፋ ያድርግ። ጥራቱ ወርዶ ሲለቁት ካልተመለሰ ወይም ዲሹ ሲገፉት ጓ ካለ ቡሎኑ ላልቷል፣ ወይም ቋሚው ብረት ከግድግዳው ላይ ለቋል። ሐይቁ አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ ጦጣ ዲሹ ላይ እንደሚንጠለጠል ታውቃላችሁ። ዲሹን መልሳችሁ አስተካክሉና አጥብቃችሁ እሰሩ።

ዲሹ ድርቅ ብሎ ከቆመ ግን ቅርንጫፍ ነው። አንድ ሁለት ሜትር ወደ ጎን ማዛወር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዲሹን በፍጹም ዛፍ ላይ አትሰሩ። ግንዱ ጠንካራ ቢመስልም ከነፋሱ ጋር ይወዛወዛል፣ ዲሽ ደግሞ አንድ ሁለት ዲግሪ ከሳተ አለቀ።

ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል

እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ መቼ ይመለሳል የሚለው ነው።

ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ጠፍቶ ዝናቡ እንዳለፈ በደቂቃዎች ውስጥ ከተመለሰ ዛፉን ተዉት። ሲግናሉን ያዳከመው ደመናውና ዝናቡ ነው። ይሄ የሚብስባችሁ ከሆነ ዲሹን በደንብ አስተካክሉ ወይም ባለ 60 ሳንቲሜትሩን ዲሽ በባለ 90 ቀይሩ።

ዝናቡ አቁሞ፣ ፀሐይም ወጥቶ፣ ቅጠሉ እስኪደርቅ ድረስ ካልተመለሰ ግን ዛፉ መንገዱ ላይ ነው። የሳተላይት ሞገድ ርዝመቱ 2 ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ቅጠል ውስጥ ያለ ውሃ ይውጠዋል፣ ቅጠሉ ላይ የቀረ የዝናብ ጠብታ ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ነው። በበጋ በቅጠሎቹ መሃል ሾልኮ ሲገባ የነበረው ሲግናል ክረምት ላይ ጭራሽ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው፣ ቅጠሉ ደርቆም ለሰዓታት ምናልባትም ለቀናት የማይመለስ ነው። ሪሲቨሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ኤልኤንቢው ላይ ያለውን ኮኔክተር ፍቱና እዩት። መሃል ላይ ያለው ቀጭን መዳብ የሚያብለጨልጭ መሆን አለበት። ጠቁሮ ከሆነ፣ ወይም ዙሪያው አረንጓዴና ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከያዘ፣ ውሃ ገብቷል። ገመዱን አንድ ሁለት ስንዝር ቁረጡና በአዲስ ኮኔክተር ስሩት። የተቆረጠው የገመዱ ውስጥም ጠቁሮ ካገኛችሁት ገመዱን በሙሉ ቀይሩ። ስትመልሱት ገመዱ ከኤልኤንቢው ወርዶ ትንሽ ረገብ ብሎ ይንጠልጠል፣ ውሃው ወደ ኮኔክተሩ ሳይሄድ እዚያው ይንጠባጠባል።

ቀስ በቀስ ቻናሎች እየጠፉ ሄዱ

ዛፍ ያድጋል። ባህር ዛፍና ግራቪሊያ ደግሞ በጣም ቶሎ። ዲሹ ሲተከል አጥር የማያክል የነበረው ዛሬ ጣሪያውን አልፏል። ከላይ ያለውን ልኬት ድጋሚ ሥሩ፣ ዛፉ መንገዱን የማይከልል ከሆነ ኤልኤንቢው አርጅቶ ሊሆን ይችላልና ከጎረቤት በሚሠራ ሞክሩት።

ጭራሽ የለም

በአንዴ ድንገት የጠፋ ነገር ዛፍ አይደለም። ዛፍ በአንድ ሌሊት አያድግም። ገመድ፣ ኤልኤንቢ፣ ስዊች (ከአንዱ ዲሽ ወደ ሌላው የሚቀይረው) ወይም የሪሲቨሩ ሴቲንግ ነው። የታወቁት የኢትዮሳት ፍሪኩዌንሲዎች 11545 እና 11605 ሁለቱም ኤች (አግድም ሞገድ) ናቸው፣ ሲምቦል ሬታቸው 45000። ሪሲቨሩ ለኤች 18 ቮልት፣ ለቪ (ቀጥ ያለ ሞገድ) 13 ቮልት ነው የሚልከው። ገመዱ መሃል ላይ በስኮች የተቀጣጠለ ወይም ጥራቱ የወረደ ከሆነ 18ቱ ቮልት ጎድሎ ይደርስና የኤች ቻናሎች ብቻ ይጠፋሉ። ኤልኤንቢውም ከቦታው ዞሮ ሊሆን ይችላል። ከሀዋሳ ሲታይ ለሁለቱም ሳተላይቶች በጣም ጋደል ማለት አለበት፣ ለኢትዮሳት ወደ 70 ዲግሪ፣ ለናይልሳት ወደ 80። ቀጥ አድርገው የሚያስሩት ሰዎች ሲግናል ፍለጋ ሲደክሙ ይውላሉ። ጥራቱን እያያችሁ በትንሽ በትንሹ አዙሩት።

በደመራ ሰሞን ረፋድ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋል

ምንም አትንኩ። መስከረም 16 አካባቢ፣ እንዲሁም መጋቢት 9 አካባቢ፣ ፀሐይ በትክክል ከሳተላይቱ ኋላ ታልፋለች። ለኢትዮሳት ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ፣ ለናይልሳት ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ። ራሱ ይመለሳል።

እነዚህ ቀናት ግን ለዛፍ ጉዳይ ከየትኛውም መሣሪያ የተሻሉ ናቸው። በዚያ ሰዓት ውጡና ዲሹን እዩት። ፊቱ ሙሉ በሙሉ ፀሐይ ካረፈበት መንገዱ ክፍት ነው። የቅጠል ጥላ ካለበት፣ ጥላውን የሚጥለው ቅርንጫፍ ያው ሲግናሉን የሚከልለው ቅርንጫፍ ነው። ግቢው ውስጥ በዚያ ሰዓት ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ሁሉ ደግሞ ለዲሽ ይሆናል። በጠመኔም በድንጋይም ምልክት አድርጉበት።

እንግዲህ ዛፉ ከሆነስ?

ዲሹን አውርዱት። ዲሽ ጣሪያ ላይ መሆን አለበት ያለው የለም። ኢትዮሳት ከፍ ብሎ ስላለ 2 ሜትር አጥር እንኳ ከዲሹ 1 ሜትር ቢርቅ አይከልለውም። ግቢው መሃል ክፍት ቦታ ካለ ቋሚውን ብረት በሲሚንቶ ትከሉ፣ ቀጥ ማለቱን በውሃ ልክ አረጋግጡ። ልጆች በኳስ እንዳይመቱት ብቻ ቦታውን አስቡበት። ገመዱ አንድ ወጥ ይሁን፣ መሃል ላይ አትቀጥሉት፣ 30 ሜትር ድረስ ጥሩ ገመድ ያለችግር ያደርሳል። ናይልሳትንም የምትፈልጉ ለእሱ ሌላ ዲሽ ያስፈልጋችኋል፣ ሁለቱ ሳተላይቶች በጣም ስለሚራራቁ በአንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ አይሠራም። የናይልሳቱ ዲሽ ከዛፉ ወደ ሐይቁ ባለው ወገን ቢሆን ዛፉ ከኋላው ይቀራል።

ይሄ ሁሉ አልሆን ካለ ብቻ ቅርንጫፍ ቁረጡ። ያውም ጥላውን የጣለችውን አንዷን። ዛፉ የጎረቤት ከሆነ አስፈቅዱ፣ የመብራት ገመድ ካለፈበት ራሳችሁ አትውጡ።