ጠባብ ሳሎን ውስጥ ጆሮ የሚያጠግብ ሙዚቃ፦ ከስፒከሩ በፊት ክፍሉን

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ውስጥ 3 በ4 ሜትር የሆነ የኮንዶሚኒየም ሳሎን አላችሁ እንበል። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ከላይም ኮንክሪት ነው። እዚህ ቤት ውድ ስፒከር ገብቶ በርሜል ውስጥ እንደሚዘፍን ሰው ሊያስተጋባ ይችላል። መካከለኛ ዋጋ ያለው ስፒከር ደግሞ ቦታውን ካገኘ ዘፋኙን ፊት ለፊታችሁ ያቆመዋል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሜትር አውጡ።

በጭቃ ቤት ይህ ጣጣ ቀላል ነው። የአቡጀዴ ኮርኒሱ ከቤዙ፣ ከወፍራሙ ድምፅ ማለት ነው፣ ጋር እየተርገበገበ የተወሰነውን ይውጠዋል፣ የቀረውም በቆርቆሮው በኩል ይወጣል። ብሎኬትና ኮንክሪት ግን የደረሳቸውን መልሰው ይወረውራሉ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህን ቁጥር ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ስታካፍሉት ክፍሉ ራሱ የሚያጎላው ድምፅ ይወጣል። ለ4 ሜትር 43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ንዝረት)፣ ለ3 ሜትር 57 ኸርዝ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ፣ ቀጥሎ ያለው 55 ኸርዝ ነው። እነዚህ ሁለት ክሮች በተነኩ ቁጥር ክፍሉ አብሮ ያጓራል፣ ሌላው ኖታ ግን ይሳሳል። ሰው «ቤዙ አይጠራም» ሲል ብዙ ጊዜ የሚሰማው ይኼ ነው፤ አምፕሊፋየር ቢቀየር አይድንም።

አቀማመጥ

ስፒከሮቹ 3 ሜትሩ ግድግዳ ጋ ሆነው ወደ ክፍሉ ርዝመት ይዙሩ። ፊታቸው ከኋላቸው ካለው ግድግዳ 50 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። በመካከላቸው 1.6 ሜትር ይኑር፤ ያኔ ከጎን ግድግዳ 70 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። የኋላውና የጎኑ ርቀት እኩል እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ እኩል ሲሆኑ ሁለቱም ግድግዳዎች አንዱን ድምፅ ተባብረው ይሰርዙታል። ማዕዘን ውስጥ መሸጎጥማ ቤዙን አሳብጦ የዘፋኙን ድምፅ ያፍነዋል። ስፒከሩ ከኋላው ቀዳዳ ካለውና ከግድግዳ ማራቅ ካልተቻለ፣ ካልሲ ጠቅልሎ ቀዳዳውን መወተፍ እብጠቱን ይቀንሳል። ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

የምትቀመጡበት ቦታ ደግሞ ከስፒከሮቹ ግድግዳ 2.5 ሜትር፣ ከጀርባችሁ ግድግዳ 1.5 ሜትር ላይ ይሁን። ልክ መሃሉ ላይ፣ 2 ሜትር ላይ አትቀመጡ፤ ያ 43 ኸርዙ የሚጠፋበት ነጥብ ነው። ሶፋው ከግድግዳ ካልተላቀቀ ቤዙ እንደሚገንን አውቃችሁ ከራስጌው በላይ ወፍራም ነገር ስቀሉ።

ከፍታውን የሚወስነው ጆሯችሁ ነው። ትናንሹ ክብ፣ ትዊተሩ ማለት ነው፣ በተቀመጣችሁበት ከጆሮ እኩል መሆን አለበት። ሶፋ ላይ ከሆነ ወደ 95 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፤ ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ለሚቀመጥ ግን 70 ገደማ ነው። ማቆሚያ መግዛት የግድ አይደለም። የ40 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት አቁሙና ላዩ ላይ ሌላውን አጋድሙት፤ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ የማይንቀጠቀጥ እግር ይሆናል። በጨርቅ ሸፍኑት። ከብሎኬቱና ከስፒከሩ መካከል ከአሮጌ የባጃጅ የውስጥ ጎማ የተቆረጡ አራት ቁራጮች አኑሩ።

ግዢ

ከያዛችሁት ገንዘብ ግማሹ ለስፒከር ይሁን። ለዚህ ክፍል ዉፈሩ (ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ክብ) ከ5 እስከ 6.5 ኢንች የሆነ ባለ ሁለት መንገድ፣ ዉፈርና ትዊተር ያለው ስፒከር ይበቃል። ጀርባው ወይም መግለጫ ወረቀቱ ላይ 86 ወይም 88 ዴሲቤል ካያችሁ፣ ስፒከሩ 1 ዋት ሲያገኝ 1 ሜትር ላይ ያን ያህል ይጮኻል ማለት ነው። የሰው ጭውውት 60 ዴሲቤል አካባቢ እንደሆነ አስቡና ስንት ዋት እንደሚያስፈልጋችሁ ፍረዱ። ዋቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። በአንድ ስፒከር ከ30 እስከ 50 ዋት ያለው አምፕሊፋየር ሠርግ ካልደገሳችሁበት ይተርፋል።

ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈውን «3000 ዋት ፒኤምፒኦ» አትመኑ። ዕቃውን አዙሩና ከሶኬት የሚወስደውን አንብቡ። 60 ዋት የሚበላ ማሽን 3000 ሊያወጣ አይችልም፤ ላም ከበላችው በላይ አትታለብም። የሚፈለገው ቁጥር «አርኤምኤስ» የሚለው፣ ያለማቋረጥ የሚያወጣው ኃይል ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ ባመጣው ዕቃ ላይ ደግሞ ከሁሉ በፊት ቮልቴጁን እዩ። የአሜሪካው 120፣ የጃፓን አገር ቤቱ 100 ቮልት ነው። እኛ ጋ 220 ነውና ቀጥታ የተሰካ ዕለት ይቃጠላል። ጀርባው ላይ መቀየሪያ ከሌለው ቮልቴጅ አውራጅ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፣ አቅሙም አምፕሊፋየሩ ከሚበላው ዋት ቢያንስ በግማሽ የሚበልጥ ይሁን።

ያገለገለ ስትገዙ የዉፈሩን ጠርዝ በጣት ዳብሱ፤ ስፖንጁ የሚፈረፈር ከሆነ ዕድሜው አልቋል። ሾጣጣውን በሁለት አውራ ጣት እኩል ገፋ አድርጉት፤ «ኽርር» ካለ ውስጥ ያለው ጥቅልል እየተፋተገ ነው፣ ተዉት። የ8 ኦም ስፒከር በቴስተር ሲለካ ከ5.5 እስከ 7 ያሳያል። አምፕሊፋየሩን አብርታችሁ ሙዚቃ ሳይኖር በስፒከር መውጫው ላይ የዲሲ ቮልት ለኩ፤ ከ50 ሚሊቮልት ካለፈ ስፒከር ሊያበላሽ ይችላል። ድምፅ መጨመሪያው ሲዞር መንሿሿቱ ግን ቀላል ነው፣ በማጽጃ ስፕሬይ ይስተካከላል።

ሰብዉፈርን፣ ቤዝ ብቻ የሚያወጣውን ሳጥን፣ ለጊዜው እርሱት። 43 ኸርዙን ባልገራ ክፍል ውስጥ ሰብዉፈር ማስገባት ነገር መጨመር ነው፤ ከታች ያለው ጎረቤትም ከእናንተ ቀድሞ ይሰማዋል።

ሽቦና መብራት

እስከ 5 ሜትር ድረስ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ ሁለት ገመድ የመዳብ ሽቦ በቂ ነው። ጫፉን በምላጭ ፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ በመዳብ ዋጋ አትግዙት። ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ጋር ይግባ። የአንደኛው ስፒከር ሽቦ ብቻ ከተገለበጠ ሁለቱ እየተጠፋፉ ቤዙ ድራሹ ይጠፋል። ምልክቱ ከጠፋባችሁ ሽቦውን ከአምፕሊፋየሩ ነቅላችሁ የ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት አስነኩት፤ ዉፈሩ ወደ ውጭ ከገፋ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ቀዩ ነው።

460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ጎረቤታችን ቢሆንም ሶኬታችን ላይ የሚደርሰው ቮልቴጅ ከመዋዠቅ አልዳነም። ጀርባው ላይ 200 ዋት ለሚል አምፕሊፋየር 500 ቪኤ ስታቢላይዘር አስቀድሙ። እሱም ቢሆን መብራት ሄዶ ሲመለስ ያለውን ምት ሁሉ አያስቀርም። መብራት ሲሄድ ንቀሉ፣ ሲመጣ 5 ደቂቃ ታገሡ።

ከላፕቶፕ ስታጫውቱ «ዝዝዝ» ካለ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ስሙ። ከጠፋ ጣጣው የኧርዝ (የመሬት ሽቦው) ነው፤ ላፕቶፑንና አምፕሊፋየሩን ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ስኩ። የአምፕሊፋየሩን ኧርዝ መቁረጥ የሚመክራችሁን ሰው አትስሙ፤ ሰው ይገድላል። በስልክ ከሆነ ደግሞ የስልኩን ድምፅ እስከ ጥግ ከፍ አድርጉና መቆጣጠሩን ለአምፕሊፋየሩ ተዉ።

ማስተጋባትን መግራት

አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። «ጭው» የሚል ጅራት ካለው ክፍሉ ባዶ ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት ከስፒከሮቹና ከመቀመጫው መካከል የሚነጠፍ ወፍራም ምንጣፍ ነው፤ ሰሌን አይሆንም፣ ስስ ነው። ቀጥሎ በቦታችሁ ተቀመጡና ሌላ ሰው መስታወት ይዞ በጎን ግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ይጓዝ። ትዊተሩ መስታወቱ ውስጥ የታያችሁበት ነጥብ ድምፁ ነጥሮ ወደ ጆሯችሁ የሚመጣበት ነው። በሁለቱም ጎን ምልክት አድርጉ።

እዚያ የሚሰቀለውን አናጢ ያበጃል፦ 60 በ120 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ጥልቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር የጣውላ ፍሬም። ውስጡ ጥጥ ወይም ያረጀ ጋቢ ሳይጠቀጠቅ ይሞላል፤ ከተጠቀጠቀ አየር አያሳልፍምና ድምፁን ይመልሰዋል። ፊቱን አየር የሚያልፍበት ሸማ አልብሱት። ፕላስቲክነት ያለው ጨርቅ ልፋቱን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ይህ ሳጥን መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ ይይዛል፣ የ43 ኸርዙን ቤዝ ግን አይነካም፤ የእሱ መድኃኒት የመቀመጫው ቦታ ነው። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍስ? ቤት ከማስጠላት በቀር የሚረባው የለም።

ለመፈተሽ መጀመሪያ አንድ ድሮ የተቀዳ ሞኖ፣ ከሁለቱም ስፒከሮች አንድ ዓይነት ድምፅ የሚወጣበት ዘፈን አስገቡ። ድምፃዊው ከሁለቱ ስፒከሮች መካከል፣ ከባዶው ቦታ መምጣት አለበት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ርቀቱን እንደገና ለኩ፤ 5 ሳንቲ ሜትር ልዩነት እንኳ ይሰማል። ቀጥሎ በገና፦ እንዚራው (ከክሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) የሚሰጠው ንዝረት ከክሩ ድምፅ ተለይቶ ከተሰማ ትዊተሩ ሥራውን ይዟል፣ አንድ ላይ ከተድበሰበሰ ስፒከሮቹን ትንሽ ወደ ጆሯችሁ አዙሩ። ዋሽንቱ ላይ ትንፋሹ ይሰማ፣ ግን ጆሮ አይውጋ፤ ከወጋ መልሳችሁ አቅኗቸው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን፣ በተለይ ከቆርቆሮው ሥር ያለው የላይኛው ፎቅ ላይ፣ ዝናቡ ሲወርድ ፍተሻ አይሞከርም።

ልኩ ሲገኝ የስፒከሮቹን ማዕዘኖች ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉባቸው። ለበዓል ቄጤማ ሲጎዘጎዝ መነሳታቸው አይቀርም።