ከካሮትና ከቀይ ስር ጁስ የተረፈ አሰር ለጾም ምግብ፦ እንዴት እንደሚሰራ

በብሌንደር የተፈጨ የአቮካዶ ጁስ ተርፎ የሚጣል ነገር የለውም። ካሮት፣ ቀይ ስር፣ ኪያርና ሰለሪ ጁስ መጭመቂያ ውስጥ ሲገቡ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ከ1 ኪሎ ካሮት እንደ ማሽኑ ከ400 እስከ 500 ግራም ገደማ አሰር ይተርፋል። በጾም ቀን ሳምቡሳ፣ በርገር፣ አልጫ ወይም ቂጣ ይወጣዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሰሩን እንደ ተከተፈ ካሮት ቆጥሮ ድስት ውስጥ ሲጨምረው ነው። ውሃውና ከጣፋጩ ብዙው ከጁሱ ጋር ሄዷል፤ የቀረው ክር ይበዛዋል። ስለዚህ ዘይት ይጠጣል፣ ድስት ቶሎ ይይዛል፣ እርስ በርሱም አይያያዝም። ምግቡ የሚጥመው ጁሱ የወሰደው ሲመለስለት ነው።

ከመጭመቅ በፊት

አፈሩም ልጣጩም የሚቀረው አሰሩ ውስጥ ነው። ካሮቱና ቀይ ስሩ በብሩሽ ታሽቶ ይታጠብ፣ ይላጥ፣ አናቱ ይቆረጥ። ሰለሪው በአጭር በአጭሩ ይከተፍ፤ ረጅም ክሩ ከማሽኑ ሳይቆረጥ ስለሚወጣ ጥርስ ውስጥ ይገባል።

ካሮት ይቀድማል፣ ኪያርና ሰለሪ ይከተላሉ፣ ቀይ ስር መጨረሻ ላይ ይገባል፤ በየመሃሉ የአሰር መያዣው ይገልበጥ። ቀይ ስር ከቀደመ ሁሉም ቀይ ይሆናል፤ ሮዝ አልጫ ደግሞ ገበታ ላይ አይወደድም። ዝንጅብልና ሎሚ የሚጨመርበት ጁስ ከሆነ እነሱ ከሁሉም በኋላ ለብቻቸው ይግቡ። የሎሚው ነጭ ልጣጭ አሰሩን ያመርረዋል፤ የዝንጅብሉ አሰር ግን ሻይ ውስጥ ተፈልቶ ይጠለል።

ስለ ማሽኑ፦ በፍጥነት የሚሽከረከረው እርጥብ አሰር ይተዋል፣ ቀስ ብሎ የሚጨምቀው ደግሞ ደረቅ። ለጁስ ሁለተኛው ይሻላል። ለማብሰል ግን ርካሹ ማሽን የሚተወው አሰር ጣዕም ስለሚቀርለት አይናቅም።

አሰር ደቆ አየር ስለሚያገኘው ቶሎ ይበላሻል። ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ 2 ቀን ይበቃዋል። ለፍሪዘር በየኩባያው ተለክቶ ላስቲክ ውስጥ በስሱ ይዘርጋ፤ እስከ 3 ወር ይቆያል። ላዩ ቡናማ ቢሆን አየር ነክቶት ነው፤ ከሸተተ ወይም ከተዝለገለገ ግን ይጣል። መብራት ጠፍቶ ቀልጦ የሞቀውንም መልሶ ማቀዝቀዝ አያስፈልግም፣ አብሮ ይጣል።

እርጥበቱን መለካት

ሌላው ደረጃ ሁሉ ቀላል ነው፤ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ሁለት አሰር አንድ ዓይነት እርጥበት ስለማይኖረው «ይህን ያህል ዱቄት» የሚል ልክ ብቻውን አያድንም። አንድ እፍኝ ይያዝና ጠበቅ ተደርጎ ይጨመቅ። ውሃ በጣቶች መሃል ከወረደ በንጹህ ነጠላ ጨርቅ ይጠመዘዝ፤ ከፍሪዘር የወጣ አሰር ሁልጊዜ ይህ ያስፈልገዋል። እጅ ሲከፈት ቅርጹን ይዞ ቆይቶ በጣት ሲነካ ከተፈረካከሰ ልክ ነው። ገና እጅ ሲከፈት እንደ ሰጋቱራ ከተበተነ ለ1 ኩባያ 1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ተጨምሮበት 10 ደቂቃ ይቆይ። ኩባያ ስል 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው።

ሳምቡሳ

እርጥብ ሙሌት የሳምቡሳ ጠላት ነው፤ አሰር ደግሞ ደረቅ ነው፤ ለዚህ ነው ከሁሉም የሚያዋጣው። 1 ኩባያ ድፍን ምስር ሳይፈርስ ይቀቀልና በማጥለያ ውሃው ጨርሶ እስኪወርድ ይጥለል። 2 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት ደቆ ተከትፎ በ4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበስላል። ውሃውን ሲጨርስ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና 2 ኩባያ የካሮት አሰር ይገባል፣ 8 ደቂቃ ያህል ይታመሳል። ከዚያ ምስሩ፣ 2 ቃሪያ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና ትንሽ ቁንዶ በርበሬ።

ሙሌቱ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አይጠቅለል። እንፋሎቱ ሊጡን ከውስጥ ያረጥበዋል፤ ዘይት ውስጥ ሲገባም ይፈነዳል፤ ምስሩ ተበትኖ ያርና የተረፈውን ዘይት ሁሉ ያጠቁረዋል። የሳምቡሳ ቂጣ ከሱቅ ቢገዛ ነውር የለውም፤ ዳሩ በውሃ በተበጠበጠ ዱቄት በደንብ ይታሸግ እንጂ። የሊጥ ቁራጭ ዘይቱ ውስጥ ተጥሎ ወዲያው አረፋ እያወጣ ከተንሳፈፈ ሙቀቱ ደርሷል። በአንዴ ከ4 ወይም ከ5 በላይ አይግባ።

የጾም በርገር

እንቁላል ስለሌለ ማያያዣው ድንችና ሽምብራ ነው። 2 ኩባያ የካሮት አሰር፣ ተቀቅሎ በሹካ የተፈጨና የቀዘቀዘ 1 መካከለኛ ድንች፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ጥሬ የሽምብራ ዱቄት፣ ደቆ ተከትፎ የተጨመቀ 1 ትንሽ ሽንኩርት፣ 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 1 ቃሪያ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው። ድንቹን በብሌንደር መፍጨት አያስፈልግም፣ እንደ ሙጫ ይሆናል።

በሽምብራ ዱቄቱ ፋንታ ሽሮ የሚጨምሩ አሉ። ሽሮ እህሉ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ ውሃ ይጠጣል እንጂ እንደ ጥሬው አጥብቆ አይዝም፤ ቅመሙም ሁሉንም ጣዕም ሽሮ ያደርገዋል። ሌላ ከሌለ ይሁን፣ ግን ድንቹ 2 ይሁን።

ታሽቶ 20 ደቂቃ ይረፍ፤ ዱቄቱ ውሃውን የሚጠጣው ያኔ ነው። ይህን ዘልሎ ወዲያው የሚጠብስ ሰው መጥበሻው ላይ ፍርፍር ያገኛል። በረጠበ እጅ 8 ቦታ ይድቦልቦልና 1.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው ይጠፍጠፍ፤ ከዚያ ከወፈረ መሃሉ ያለው ሽምብራ ጥሬ ጥሬ ይላል። መጀመሪያ አንድ ብቻ ይጠበስ። ከተበተነ ለቀሪው አንድ ማንኪያ ዱቄት ይጨመር። በመካከለኛ እሳት በየጎኑ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይቆይ፤ ከታች ቅርፊት ሳይሠራ አይገልበጥ። መጥበሻውን ሲነቀንቁት በራሱ ከተንሸራተተ ጊዜው ነው።

አልጫ

እንደተለመደው የክክ አልጫ ነው። ሽንኩርቱ ሳይጠቁር ከበሰለ በኋላ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ይገባል፤ 1 ኩባያ የካሮት አሰር ተጨምሮ ከዘይቱ ጋር 3 ደቂቃ ይታሻል። ካሮትን ብርቱካንማ የሚያደርገው ቤታ ካሮቲን በዘይት እንጂ በውሃ ስለማይሟሟ ብዙ የሚቀረው አሰሩ ውስጥ ነው፤ ወጡ ሲያምር ያዩታል። ከዚያ 1 ኩባያ ተለክቶ የተቀቀለው ክክ ከሙቅ ውሃ ጋር ገብቶ 15 ደቂቃ ይንተክተክ። ውሃው ከተለመደው 1 ኩባያ ይብለጥ፤ አሰሩ ከእሳት ከወረደም በኋላ መጠጣቱን አያቆምም፤ በማግስቱ ገንፎ ሆኖ ከተገኘ በፈላ ውሃ ይለዝባል።

የቀይ ስሩ

ጥሬውን አፈር አፈር ስለሚል 1 ኩባያው በእንፋሎት 6 ደቂቃ ይብሰል። ትኩስ ሳለ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይፍሰስበት፤ ሎሚው ቀለሙን ይጠብቀዋል፣ ረጅም ማብሰል ግን ወደ ቡናማ ይወስደዋል። ከተቀቀለ ድንች፣ ከቃሪያና ከዘይት ጋር ሲቀርብ ሰላጣ ነው። በማግስቱ ሽንት ቀላ ቢል መደንገጥ አያስፈልግም፣ ከቀይ ስሩ ነው።

ለቂጣ 2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት ከ1 ኩባያ አሰርና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ደረቁን ይታሽ፤ ውሃው ከግማሽ ኩባያ ተጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር። በጣም ከሳሳ ክሩ እየጎተተ ይቀደዳል። ምጣዱ ከተለመደው ትንሽ ቀዝቀዝ ይበል፤ ሊጡ ሳይበስል ላዩ ላይ የወጣው አሰር ያራል።