በመኪና ኢንቨርተር በመንገድ ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን እንዴት መጠቀም ይቻላል

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሞጣ፣ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከዳንግላ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ለሥራ የሚወጣ ሰው፣ መረጃ ሰብሳቢም ይሁን የሠርግ ቪዲዮ አንሺ፣ መብራት በሌለበት ቦታ ላፕቶፑ ወይም የካሜራው ባትሪ ሲያልቅበት የሚተማመንበት የኃይል ምንጭ ብዙ ጊዜ የመጣበት መኪና ነው። የመኪና ባትሪ የሚሰጠው ግን 12 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሲሆን የቤት ዕቃዎቻችን የተሠሩት ለ220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው። አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይረው መሣሪያ ኢንቨርተር ይባላል። ኢንቨርተር በራሱ ኃይል አያመነጭም፤ ከሶኬቱ የሚወጣው ሁሉ ከባትሪው የተቀዳ ነው፤ ከተቀዳውም ውስጥ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመቀየሩ ሂደት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ስለሆነም ማንኛውንም ነገር ከመሰካት በፊት፣ ዕቃው ምን ያህል እንደሚስብና መኪናው ሞተሩን ለማስነሳት የሚያስፈልገው ሳይጓደልበት ምን ያህል መስጠት እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል።

ደረጃ 1፦ የመኪናውን ቮልት ማረጋገጥ

የቤት መኪናዎች፣ ሚኒባሶችና ፒክአፖች በአብዛኛው 12 ቮልት ሲሆኑ ትልልቅ የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች ብዙውን ጊዜ 24 ቮልት ናቸው። የ12 ቮልት ኢንቨርተር በ24 ቮልት ላይ ከተያያዘ ወዲያውኑ ሊቃጠል ይችላል። ኮፈኑ ሲከፈት ሁለት ባትሪ መታየቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሁለቱ ተከታትለው ከተያያዙ 24 ቮልት ይሰጣሉ፣ ጎን ለጎን ከተያያዙ ግን 12 ቮልት እንደሆኑ ይቀራሉ። ጥርጣሬ ካለ በቮልት መለኪያ መለካት የደቂቃ ሥራ ነው።

በጭነት መኪና ላይ የ12 ቮልት ዕቃ ለማሠራት ከሁለቱ ባትሪዎች የአንዱን ብቻ መጠቀም የተለመደ ዘዴ ቢሆንም የሚመከር አይደለም። የሚቀዳበት ባትሪ ሁልጊዜ ጎዶሎ ሆኖ ሲኖር ሌላው ከሚገባው በላይ ቻርጅ ስለሚደረግ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይበላሻሉ። ለ24 ቮልት መኪና 24 ቮልት ኢንቨርተር መግዛት ይሻላል።

ደረጃ 2፦ የዕቃዎቹን ዋት መደመር

በእያንዳንዱ ዕቃ ወይም ቻርጀር ጀርባ ላይ ዋቱ ተጽፎ ይገኛል፤ ዋት ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፔሩ ማባዛት ነው። በላፕቶፕ ቻርጀር ላይ መታየት ያለበት የመውጫው ቁጥር ነው፦ 19.5 ቮልትና 3.34 አምፔር ከተባለ 65 ዋት ገደማ ይሆናል። የመግቢያው ቁጥር ለከፋ ሁኔታ የተጻፈ ስለሆነ ከእውነቱ በላይ ያሳያል።

ከ12 ቮልት ባትሪ የሚሳበውን አምፔር ለማግኘት ዋቱን ለ10 ማካፈል ይበቃል። ለ12 ማካፈል ትክክለኛው ቢመስልም፣ ለ10 ሲካፈል በመቀየር ሂደት የሚባክነውም ይካተታል። በዚህ ስሌት ባለ 65 ዋቱ ላፕቶፕ 6.5 አምፔር ያህል ይስባል፤ የስልክ ቻርጀር ከ1 እስከ 2 አምፔር፣ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ደግሞ 5 አምፔር አካባቢ።

ሙቀት የሚሰጡ ዕቃዎች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። የኤሌክትሪክ ውኃ ማፍያ ከ1500 እስከ 2000 ዋት ስለሚፈልግ ከባትሪው ከ150 አምፔር በላይ ይስባል። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ያህል ሲሆን በ12 ቮልት በኩል ከ300 አምፔር በላይ ማለት ነውና በመኪና ኢንቨርተር ለመጋገር ማሰብ ከንቱ ድካም ነው። ፍሪጅና ሌሎች ባለ ሞተር ዕቃዎችም በሚነሱበት ቅጽበት ከተጻፈባቸው ዋት ብዙ እጥፍ ስለሚስቡ፣ በጽሑፉ ብቻ ተማምኖ የተገዛ ኢንቨርተር ገና ሲነሱ ሊዘጋ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ተስማሚ ኢንቨርተር መምረጥ

በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ብዙ ጊዜ ለጥቂት ቅጽበት ብቻ የሚቻለው ከፍተኛ መጠን ነው፤ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ግማሹ ሊሆን ይችላል። ሲገዙ ያለማቋረጥ የሚሠራበትን መጠን ይጠይቁ፤ ከደመሩት ዋት በላይም አንድ አራተኛ ያህል ትርፍ ይተዉ። ላፕቶፕ፣ ስልክና የካሜራ ባትሪ ለሚያሠራ ሰው ከ150 እስከ 300 ዋት ከበቂ በላይ ነው። ባለ 2000 ዋት ኢንቨርተር በአንድ ትንሽ መኪና ላይ መጫን በእኔ እይታ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ባትሪውም ሆነ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ያንን ያህል አይሰጥምና።

ሁለተኛው ልዩነት የሞገዱ ዓይነት ነው። ርካሾቹ የሚሰጡት ደረጃ ደረጃ ያለው ሞገድ ሲሆን ውድ የሆኑት ከመብራት ኃይል መስመር ጋር የሚመሳሰል ንጹሕ ሞገድ ይሰጣሉ። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች በርካሹም ያለ ችግር ይሠራሉ። የፀጉር መቁረጫ ማሽንና ማራገቢያ ግን ያጉረመርማሉ፣ ይግላሉም፤ የድምፅ ማጉያ ላይ የጉምጉምታ ድምፅ ይሰማል፤ አንዳንድ ርካሽ ትንንሽ ቻርጀሮችም ሊቃጠሉ ይችላሉ። እንደ ኦክስጅን ማምረቻ ያለ የሕክምና መሣሪያ ይዞ ለሚጓዝ ግን ንጹሕ ሞገድ የሚሰጠውን መግዛት አማራጭ የለውም።

ደረጃ 4፦ ማገናኘት

አነስተኛ ኢንቨርተር በሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት ላይ ይሰካል። የዚህ ሶኬት ፊውዝ በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 አምፔር ነው፤ የእርስዎን መኪና በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ማየት ይችላሉ። ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ከሆነ ከ120 ዋት ባይበልጡ መልካም ነው። ፊውዙ ከተቃጠለ በተመሳሳይ አምፔር ይተካ፤ በሽቦ ቁራጭ ወይም በትልቅ ፊውዝ መተካት በክሩስኮቱ ውስጥ ያለውን ቀጭን ሽቦ ለእሳት መስጠት ነው። በጠጠር መንገድ ላይ ሶኬቱ እየላላ ስለሚሄድ፣ የላላ ሶኬትም ስለሚግልና ስለሚቀልጥ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መሰኪያውን በእጅ ዳስሰው ይመልከቱ። ለብ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ እጅ የሚያስለቅቅ ከሆነ ግን ይንቀሉት።

ከዚያ በላይ የሆነው በቀጥታ ከባትሪው ጋር ይገናኛል። ለዚህ የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ አያገለግልም፦ 600 ዋት 60 አምፔር ያህል ስለሚስብ፣ ርቀቱ አጭር ቢሆን እንኳ ወደ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር የሚሆን ወፍራም ገመድ ያስፈልጋል። ኢንቨርተሩ ጠፍቶ ሳለ ቀዩ ገመድ ከፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ከኔጋቲቭ ጋር ይታሰራል። ከፖዘቲቩ አጠገብ ለገመዱ የሚስማማ ፊውዝ መኖር አለበት፤ ፊውዙ ኢንቨርተሩ ዘንድ ብቻ ከሆነ በመካከል ያለው ገመድ ተልጦ ከመኪናው ብረት ጋር ቢነካካ የሚያቋርጠው ነገር የለም። ሲታሰር ትንሽ ብልጭታ ቢታይ የተለመደ ነው፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ከተገላበጡ ግን ኢንቨርተሩ ብዙ ጊዜ ይሞታል። ይህን ሥራ ለመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ መስጠት ብልህነት ነው፤ በተለይም ገመዱ ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ የሚያልፍበት ቀዳዳ በጎማ መሸፈኑን ይከታተሉ።

ኢንቨርተሩ ራሱ አየር በሚያገኝበትና ፀሐይ በማይመታው ቦታ ይቀመጥ። ክሩስኮት ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ቢሆንም፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ስለሆነ ከታች ድልድዩ ዘንድ ያለው ሙቀት ከመስታወቱ ጋር ተደምሮ መሣሪያውን ያዘጋዋል። ደጀን እስኪወጣ ድረስ አጥፍቶ መቆየት ይሻላል። በበጋ ደግሞ አቧራ ማራገቢያውን ስለሚደፍነው አልፎ አልፎ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ።

ደረጃ 5፦ ማሠራት

ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ ሞተሩን ያስነሱ፣ ቀጥሎ ኢንቨርተሩን ያብሩ፣ በመጨረሻ ዕቃውን ይሰኩ፤ ሲያጠፉ ደግሞ በተቃራኒው ከዕቃው ይጀምሩ። ሞተሪኖው ሲዞር የባትሪው ቮልት በድንገት ስለሚወርድና ስለሚወጣ ኢንቨርተሩ በዚያች ቅጽበት መብራት የለበትም።

ሞተሩ ሲሠራ በባትሪው ላይ የሚለካው ቮልት በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.4 ስለሚሆን የሚቀዳውን ዲናሞው ይተካል። ሆኖም መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ዲናሞው የሚሰጠው ከሙሉ አቅሙ እጅግ ያነሰ ነው፤ መብራትና ማራገቢያ ከተጨመሩበት ሞተሩ እየሠራም ባትሪው ሊወርድ ይችላል። ሞተሩን እያሠሩ የሚጠቀሙ ከሆነ በተዘጋ ጋራዥ ወይም መጋዘን ውስጥ ፈጽሞ አይሁን፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል።

ሞተሩ ጠፍቶ የሚሠሩበት ጊዜ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ባለ 60 አምፔር የሚባለው (በትክክሉ 60 አምፔር-ሰዓት) ባትሪ 6.5 አምፔር ለሚስበው ላፕቶፕ በቁጥር ደረጃ ዘጠኝ ሰዓት የሚያሠራ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ባትሪ የተሠራው ለአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል ሰጥቶ ሞተር ለማስነሳት እንጂ ቀስ በቀስ እስኪያልቅ እንዲቀዳ አይደለም፤ ከአራት አንድ እጅ በላይ ባይቀዳበት ይመረጣል፣ ይህም ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 ሲደርስ ግማሽ ያህሉ አልቋል። የብዙ ኢንቨርተሮች ማስጠንቀቂያ የሚጮኸው 11 ቮልት አካባቢ፣ ራሳቸውን የሚያጠፉትም 10.5 አካባቢ ስለሆነ፣ ጩኸቱን የሚጠብቅ ሰው መኪናው እንቢ ካለው በኋላ ነው የሚሰማው። በእንጅባራ ወይም በጮቄ አካባቢ ብርድ ጠዋት የናፍጣ ሞተር ለማስነሳት የሚያስፈልገው ኃይል ስለሚጨምርና ባትሪውም በብርድ ስለሚደክም፣ እዚያ የሚያድር ሰው ማታ ላይ የበለጠ መቆጠብ ይኖርበታል።

ምንም ነገር ሳይሰካበት የበራ ኢንቨርተርም ግማሽ አምፔር ያህል መሳቡን አያቆምም፤ ሶኬቱ ቁልፍ ሲወጣ የማይጠፋ መኪና ከሆነ ነቅለውት ይደሩ። ስልክ ብቻ ለሚሞላ ሰው ደግሞ ኢንቨርተር ሳያስፈልግ በማቀጣጠያው ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ የስልክ ቻርጀር ይበቃዋል፤ ኃይል ሁለት ጊዜ ከመቀየር ይድናል።

ከኢንቨርተሩ የሚወጣው 220 ቮልት እንደ ግድግዳ ሶኬት ሁሉ ይገድላል። በክረምት እጅ ረጥቦ፣ ጫማ ጭቃ ይዞ መሰካት አይገባም፤ በዲቫይደር አባዝቶ ወደ ውጭ ማውጣትም ዝናብ በሚያገኘው ቦታ አይፈቀድ።

ካልሠራ

ኢንቨርተሩ ሲበራ የሚጮህና የሚጠፋ ከሆነ ዕቃዎቹን በሙሉ ነቅለው ባዶውን ያብሩት። ባዶውን ከሠራ ጭነቱ በዝቷል፤ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ይመልሱ። ባዶውንም ከጮኸ በመግቢያው ላይ ያለውን ቮልት ባዶውንም ዕቃ ተሰክቶም ይለኩ፦ ባትሪው ላይ 12.6 እያለ ኢንቨርተሩ ጋ በጭነት ጊዜ 11.5 ከታየ ገመዱ ቀጥኗል ወይም የባትሪው ጫፍ ዝጓል። ከጥቂት ጊዜ ሥራ በኋላ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ሙቀት ነው፤ አጥፍተው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ ማራገቢያው መዞሩንም ይመልከቱ። ምንም ካላሳየ መጀመሪያ የመኪናውን ፊውዝ፣ ቀጥሎ የኢንቨርተሩን ፊውዝ ይፈትሹ። በርካሽ መለኪያ የሚታየው የመውጫ ቮልት 180 አካባቢ ቢሆንም መሣሪያው ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው መለኪያ ደረጃ ደረጃ ያለውን ሞገድ በትክክል አያነብምና ትንሽ አምፖል ሰክቶ መሞከር የተሻለ ማረጋገጫ ይሰጣል።