«ስመጣ እጨርሰዋለሁ» አትበሉ፦ ሐዋሳ ቤተሰብ ላላችሁ፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ዝግጅት

ውጭ ያሉ ዘመዶቼ ሲደውሉ ሁሌ የምሰማው አንድ መልስ አለ። የቤቱ ካርታስ? «ስመጣ።» የእማዬ የዓይን ሕክምና? «ለገና ስመጣ።» የልጁ ፓስፖርት? «ክረምት ላይ ስመጣ እጨርሰዋለሁ።» እኔ እዚህ ሐዋሳ ሆኜ ጉዳያቸውን ከሚያሯሩጡት አንዱ ነኝ። ፋይሉ እኔ ጋ ነው፣ ክፍለ ከተማ የምሰለፈውም እኔ ነኝ። ስለዚህ የምጽፍላችሁ ጉዳዩን ከወዲህ በኩል ሆኖ እንዳየ ሰው ነው።

መጋቢት 2012 ላይ ያ ሁሉ «ስመጣ» በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 11 አየር መንገዱ ወደ 30 አገሮች መብረር አቆመ። ከመጋቢት 14 ጀምሮ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ሰው በራሱ ወጪ 14 ቀን ሆቴል ተለይቶ እንዲቆይ ተደረገ። በወሩ መጨረሻ ኦሮሚያን ጨምሮ ክልሎች አገር አቋራጭ የሕዝብ ትራንስፖርት አገዱ፣ መጋቢት 30 የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። መንገዱ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ነው የሚመጣው። ቦሌ የደረሰ ሰው እንኳ ሐዋሳ ደረሰ ማለት አልነበረም።

«ያ አለፈ» ትሉ ይሆናል። ኅዳር 2018 ላይ ጂንካ የማርበርግ በሽታ ሲገኝ እዚህ መነኸሪያው አካባቢ የነበረውን ድንጋጤ ብታዩ እንዲህ አትሉም ነበር። ዝግጅት የሚደረገው አገር አማን ሲሆን ነው።

ከሁሉ በፊት ውክልና

ብዙ ሰው ውክልና የሚሰጠው ሲቸግረው ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ግን ኤምባሲው ይዘጋል፣ ቢከፈትም በቀጠሮ ነው። ደግሞም ኤምባሲ የፈረማችሁት ወረቀት እዚህ ስለደረሰ ብቻ አይሠራም። አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄዶ መረጋገጥ፣ ከዚያም ሰነዶች ማረጋገጫ መመዝገብ አለበት። ዋናውን ወረቀት ይዞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ መንገደኛ ነው። አውሮፕላን ከሌለ መንገደኛ ከየት ይመጣል? የአንድ ዘመዴ ውክልና ትኬቱ በተሰረዘበት ሰው ሻንጣ ውስጥ ሆኖ ክረምቱን ከርሟል።

ሁለተኛው ነገር፣ «ጠቅላላ ውክልና ሰጥቼዋለሁ፣ ሁሉን ይጨርሳል» ብላችሁ አትዘናጉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2204 ጠቅላላ ውክልናን ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ንብረት መጠበቅ፣ ዕዳ መሰብሰብ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ እነዚህን ይችላል። ቤት መሸጥ፣ በመያዣ ማስያዝ፣ ስጦታ መስጠት፣ ፍርድ ቤት መክሰስና መከራከር ግን በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ሥልጣን ይፈልጋሉ። እነዚህ በግልጽ፣ በስማቸው ተጠርተው ካልተጻፉ ጸሐፊው ወረቀቱን አይቶ ይመልሰዋል። ስንቴ ተመልሻለሁ! ሁሉንም ሥልጣን ስጡ ማለቴ ግን አይደለም። መሸጥ የማትፈልጉትን ቤት የመሸጥ ሥልጣን ለወንድማችሁም ቢሆን አትስጡ። በዚህ የተጣላ ቤተሰብ በየሰፈሩ አለ።

ሦስተኛው ነገር ማንም ማውራት የማይወደው ነው። ወካዩ ወይም ተወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። በኮሮና ጊዜ ተወካዮችም ታመዋል፣ ሞተዋልም። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ አትወክሉ። ሁለት ሰው ይሁን፣ «በአንድነትም ሆነ በተናጠል» የሚለው ሐረግም ይግባበት። እሱ ካልገባ አንዱ ሲታመም ሌላውም እጁ ይታሰራል። ተወካዩ ሌላ ሰው መወከል እንዲችል ከፈለጋችሁም ይጻፍ።

የሐዋሳ ሰው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለበት። ሲዳማ ክልል የሆነው እዚያው ወረርሽኙ መሃል፣ ሰኔ 2012 ነው። የቢሮዎች ስምና ማኅተም ተቀየረ። የድሮው ደቡብ ክልልም ቆይቶ ተከፋፍሎ መሥሪያ ቤቶቹ ወደየከተማቸው ሄዱ። «በደቡብ ክልል ለሚገኘው እገሌ ቢሮ» ብሎ የሚጀምር ውክልና ይዛችሁ ከሆነ አሳድሱት። አዲሱ ላይ ክፍለ ከተማውና ቀበሌው፣ የቤት ቁጥሩና የካርታ ቁጥሩ ይኑሩ። «ወይም ይህን ሥራ ተክቶ በሚሠራ ማንኛውም መሥሪያ ቤት» የምትል መስመርም ጨምሩበት። ይህች መስመር ብዙ ምልልስ ታድናለች።

በሊዝ ቦታ የያዛችሁ ውሉን አውጥታችሁ አንብቡት። የግንባታ መጀመሪያና መጨረሻ ጊዜ ተጽፎበታል፣ ዓመታዊ ክፍያም አለው። በሽታ ገባ ብሎ ውሉ በራሱ አይራዘምም። ተወካያችሁ ጊዜው ሳያልፍ በጽሑፍ ያመልክት፣ ያመለከተበትን ቅጂም ያስቀምጥ።

የእናትና የአባት ጤና

እኛ ሰፈር አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው አሜሪካ ናት፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በመንገደኛ ትልክላቸዋለች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ አንድም ጊዜ አላቋረጠችም። በረራ ሲቆም ግን ብልቃጡ ባዶ ሆነ። ብልቃጡን ይዘን ፒያሳ ያሉትን ፋርማሲዎች አዳረስን። አምሎዲፒንና ቤናዜፕሪል ባንድ እንክብል ተደርገው የተሠሩበት ነው። እዚህ እንዲህ ያለ የለም። ፋርማሲስቱም በራሱ አልቀይርም አለ፣ ልክ ነው። ሐኪም ዘንድ መሄድ ደግሞ እሳቸው ፈሩ፣ ያኔ ሆስፒታል መግባት በሽታው ውስጥ መግባት ይመስል ነበር። እንደምንም ተለምነው ሄዱ። ሐኪሙ አምሎዲፒንና ኤናላፕሪል አዘዘላቸው፣ ሁለቱም ደጃፋቸው ካለው ፋርማሲ ይገኛሉ።

ከዚህ የምለው ግልጽ ነው። ወላጆቻችሁ የሚወስዱት መድኃኒት ሐዋሳ ውስጥ የሚገኝ ይሁን፣ ሐዋሳ ያለ ሐኪምም ይወቃቸው። ከውጭ የምትልኩት ካለ ተጨማሪ ይሁን እንጂ መተማመኛ አይሁን። የመድኃኒቱን የንግድ ስም ሳይሆን ዋናውን ስም፣ መጠኑንና በቀን ስንቴ እንደሚወሰድ በወረቀት አጽፉ። አንዱ ቅጂ በእናንተ ስልክ፣ አንዱ ቡፌው ላይ ይቀመጥ። ኢንሱሊን የሚወስድ ካለ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የት እንደሚቀመጥ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ፍሪጅ ያለው ሁሉ ጀነሬተር የለውም።

የጣት ኦክስጅን መለኪያ (ጣት ላይ ተሰክታ የደም ኦክስጅንን በመቶኛ የምታሳይ መሣሪያ) ላኩ። ትንሽ ናት፣ ብዙ ወጪም የላትም። ግን ልካችሁ ብቻ አትተዉ፣ አጠቃቀሟን አስተምሩ። ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ለጥቂት ቀን ለክቶ ቁጥሩን ይጻፍ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ስለሆነች የጤነኛ ሰው ቁጥር ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ከለመደው ሲወርድ ሐኪም ይጠየቅ፣ ከ90 በታች ከሆነ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል። እንሶስላ ወይም የጥፍር ቀለም ያለበት ጣት፣ የቀዘቀዘም እጅ አሳሳች ቁጥር ይሰጣል። ደግሞ መሣሪያዋ ጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጋ ልታነብ እንደምትችል በ2020 በፈረንጆቹ የወጣ ጥናት አሳይቷል። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሰውየው ትንፋሽ ካጠረው፣ ሰውየውን እመኑ።

የማኅበረሰብ ጤና መድህን ደብተራቸው መታደሱን ጠይቁ። በየዓመቱ ይታደሳል፣ ጊዜው ካለፈ የሚጠቀሙት የለም። አገልግሎቱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፣ በሪፈር ወረቀት ወደ አዳሬ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል (እኛ «ሪፈራል» የምንለው) ይሄዳል። ወረቀቱን ዘለው ቀጥታ ሪፈራል ቢሄዱ ክፍያው እነሱ ላይ ይወድቃል። የግል ሆስፒታል ደግሞ ተኝቶ ለመታከም ማስያዣ ይጠይቃል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ያን ብር ከየት እንደሚያመጡ የሚያውቅ ሰው እዚህ መኖር አለበት።

አስታማሚ የሚሆነው ማን ነው? በኮሮና ጊዜ አንዳንድ ክፍል አስታማሚ አያስገባም ነበር። ስለዚህ አንዲት ቦርሳ ተዘጋጅታ ትቀመጥ። የሆስፒታል ካርድ፣ የመድህን ደብተር፣ የመድኃኒት ዝርዝር፣ የስልክ ቻርጀር፣ መነጽር። መነጽሩን አደራ። መነጽር የሌላቸው አባት የሚደወልላቸውን ማየት አቅቷቸው ስልኩ ሲጮህ ያድራል።

ብርና ስልክ

በሰው እጅ ብር የሚልክ ሰው በ2012 መንገዱ ተዘጋበት። ቴሌብር የመጣው ግንቦት 2013 ነው። ዛሬ አማራጩ ብዙ ነው፣ ግን ሁሉም አማራጭ መታወቂያና ሲም ካርድ ላይ ይንጠለጠላል። የእናታችሁ መታወቂያ ጊዜው አልፎ ከሆነ ባንኩ የላካችሁትን ሐዋላ አይከፍላቸውም። ባንኮች ፋይዳ (ብሔራዊውን ዲጂታል መታወቂያ) እየጠየቁ ነው፣ ፋይዳ ደግሞ በአካል ተገኝቶ አሻራ መስጠት ይፈልጋል። ዕድሜያቸው የገፋ፣ በሥራ ጣታቸው የለዘበ እናቶች አሻራቸው እምቢ ስለሚል መመላለስ ይኖራል። ይህን አሁን፣ ሰልፍ መቆም በማያስፈራበት ጊዜ ጨርሱ።

የራሳችሁ የኢትዮጵያ ሲም ካርድም አለ። የባንክ አፕሊኬሽናችሁ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው ወደ እሱ ነው። ለረጅም ጊዜ ካልሠራ ይዘጋል፣ ቁጥሩም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። እምነት የሚጣልበት ሰው ይያዘው፣ ካርድ ይሞላበት።

ኢንተርኔት ላይ ብቻም አትደገፉ። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ፣ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቷል። ወረርሽኝ አለ፣ ዋትሳፕ የለም፣ ኢሞ የለም። ቀጥታ የሚደወልበትን የጎረቤት ቁጥር ያልያዘ ሰው ያኔ በጭንቀት አለቀ። የሁለት ጎረቤትና የእድሩን ጸሐፊ ቁጥር በወረቀት ጻፉ።

ልጆቻችሁን አያት ወይም አክስት ጋ ያስቀመጣችሁ ወላጆች፣ ለእናንተ አንድ ነገር ብቻ። ልጁ ቢታመም ለቀዶ ጥገና የሚፈርመው፣ ትምህርት ቤት የሚጠራው፣ ፓስፖርት የሚያወጣለት ማን እንደሆነ ውክልናው ላይ ይጻፍ። «አክስቱ ናት እኮ» የሚለው ነገር መስኮት ላይ አይሠራም።

መርዶ

መርዶ በስልክ አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ በጠዋት ቤት ሄዶ ነው የሚያረዳው። በኮሮና ጊዜ ግን እናንተ ባላችሁበትም መሰብሰብ አልተቻለም፣ ብዙ ሰው የአባቱን ሞት ከፌስቡክ አነበበ። «ነፍስ ይማር» የሚል አስተያየት አይቶ «ማን ነው የሞተው?» ብሎ የደወለልኝ ሰው አለ። ምን ብዬ ልመልስ?

እናንተ ባላችሁበት ከተማ ያለ የልብ ጓደኛችሁን ስልክ እዚህ ላለው ታላቅ ወንድም ወይም እህት ስጡ። መጀመሪያ የሚደወለው ለእሱ ይሁን። እሱ ከነገራችሁ በኋላ ካልሆነ በቀር ማንም ምንም እንዳይለጥፍ ቤተሰቡ ይስማማ።

እድርም አለ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ድንኳኑ ቀረ፣ ለቀብር የሚከፈለው ብር ግን አልቀረም። ወላጆቻችሁ የእድር መዋጮ አላቋረጡም? መዝገቡ ላይ ማን ነው የተጻፈው? አንዳንዱ ቤት በሞተ አያት ስም እስካሁን ይከፍላል።

ከሞት በኋላ ደግሞ ሟች የሰጡት ውክልና አይሠራም ብዬአለሁ። ባንክ ያለው ብርም ሆነ ቤቱ በፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ነው የሚነካው። እናንተም ወራሽ ከሆናችሁ፣ ለውርስ ጉዳይ የሚሆን ውክልና የራሳችሁ ተወካይ ይያዝ።

ትኬት

ትኬቱን መጨረሻ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። ከላይ ያለው ከተሟላ የእናንተ መምጣት ናፍቆት ለመወጣት ብቻ ይሆናል። ቢሆንም፣ ቀን ለመቀየርና ገንዘብ ለማስመለስ ያለውን ደንብ ሳታነቡ አትክፈሉ። በወኪል የተገዛ ትኬት ሲሰረዝ አየር መንገዱ ወደ ወኪሉ፣ ወኪሉ ወደ አየር መንገዱ ይመራችኋል። የጉዞ መድን ስትገዙ ወረርሽኝን ይሸፍናል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱ ማለቴ ነው፣ ያለቀበት ከሆነም አሳድሱ።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው እዚህ መጥቶ መቅረት ነው። በ2012 ለፋሲካ ብለው ቀደም አድርገው የመጡ ሰዎች መመለሻ አጥተው እዚህ ከረሙ። የኤምሬቶች መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በመደበኛው ደንብ ከስድስት ወር በላይ ከኤምሬቶች ከራቀ ፈቃዱ ይሰረዛል። እንግሊዝ ቋሚ ነዋሪነት ያለው ሁለት ዓመት ነው ገደቡ። የአሜሪካ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል ብሎ ከጠረጠረ የመመለሻ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ማመልከቻው ደግሞ የሚገባው አሜሪካ ውስጥ እያለ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ማመልከት አይቻልም። እናታችሁ ታመው ለረጅም ጊዜ የምትመጡ ከሆነ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን ወረቀት አስገቡ።